ከተመስገን በኋላ

ቁጭ ብዬ አላውቅም። እናቴ «እሾህ ላይ ነው መሰለኝ የወለድኩሽ» ትለኛለች። አብሮኝ የሚሠራው ኢንተርን ኦልያድ ደግሞ አፉ አያርፍም፤ «አንቺ ስትሞቺ እንኳ ቆመሽ ነው የምትቀበሪው፣ ሐመልማል» ይለኛል። ልቆጣው እፈልግና ነገሩ እውነት ስለሆነ እተወዋለሁ። የምበላው ቆሜ ነው፤ የምጽፈው ቆሜ ነው። በሽተኛ ሳናግር አንድ እግሬ ሁልጊዜ ወደ ቀጣዩ አልጋ ተራምዷል። በዚያ እግሬ የተነሳ የሰው እግር ላጠፋ ነበር። «ነበር» ያልኩት ለራሴ አዝኜ ነው፤ መጨረሻውን ሰምታችሁ እናንተው ፍረዱ።

ሆስፒታላችን ከሽሮ ሜዳ ወደ ቀጨኔ በሚያዞረው ዳገት ላይ ነው። ማስተማሪያ ስለሆነ አንድ በሽተኛ ለብቻው ታሞ አያውቅም። ተማሪው፣ ኢንተርኑ፣ ሬዚደንቱ፣ ከሁሉም በላይ ስፔሻሊስቱ፣ ዐሥር ሆነን ራስጌው እንቆማለን። አንዲት እናት አንድ ቀን ነጠላቸውን አስተካክለው «ምነው ልጆቼ፣ ለቅሶ ነው እንዴ የመጣችሁት? ገና አልሞትኩም'ኮ» ብለውናል። እኛ የምርቃት ዓመት ላይ ያለን ኢንተርኖች ከተማሪው በቀር ከሰልፉ ሁሉ በታች ነን። ሥራችን ትልልቆቹ ለጉብኝት፣ ማለትም ለራውንድ፣ ከመምጣታቸው በፊት እያንዳንዱን በሽተኛ አይተን ካርዱ ላይ መጻፍ ነው።

የአጥንት ክፍሉ ኃላፊና አስተማሪያችን ዶክተር በዳሳ ነው። ድምፁ ዝግ ያለ፣ ሲቆጣ ደግሞ ከቀድሞውም የሚቀንስ ሰው ነው፤ እንደዚያ ሲሆን ነው የምንፈራው። አንዲት ሕግ አለችው። «ያላየኸውን አትጻፍ።» ያላየውን የጻፈ ኢንተርን የክፍሉን ሁለት ወር እንደገና ይደግማል፤ ምርቃቱም በዚያው ይገፋል። ከኛ በፊት የነበረ አንድ ልጅ እንደዚያ ሆኖ ጓደኞቹ ጋውን ለብሰው ፎቶ ሲነሱ እሱ በር ላይ ቆሞ አጨበጨበ አሉ። ይሄን ወሬ መጀመሪያ ቀን ነው የሚነግሩህ።

አባባ ዘርዓብሩክ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ መጡ። የስልሳ ሰባት ዓመት ሰው ናቸው፤ የቀጨኔ ሸማኔ። የሰኔ ዝናብ ያረጠበው የድንጋይ ቁልቁለት ላይ፣ የፈትል ጥቅል ትከሻቸው ላይ እንዳለ አንሸራተታቸው። የግራ ቅልጥማቸው ተሰበረ። እሳቸው ሲነግሩን «ፈትሉን ጭቃ አላስነካሁትም» ነበር ያሉት መጀመሪያ። ስለ እግሩ የነገሩን ሚስታቸው እማማ ወለተማርያም ናቸው። ድንገተኛ ክፍል አጥንቱን አስተካክለው ከጭን እስከ እግር ጀሶ አደረጉላቸውና ወደኛ ላኳቸው። አልጋ ዐሥራ አራት። ከጀሶው ውጭ የቀሩት አምስት ጣቶች ብቻ ነበሩ።

እነዚያን አምስት ጣቶች ልብ በሉልኝ። የተሰበረ እግር ከውስጥ ያብጣል፤ ጀሶ ደግሞ አይለጠጥም። እብጠቱ መውጫ ሲያጣ ደሙን ያንቀዋል፤ ደም ያጣ ሥጋ ስድስት ሰዓት ካለፈው መሞት ይጀምራል። ይሄ ሁሉ የሚሆነው ጀሶው ውስጥ ተደብቆ ነው። የሚያሳብቁት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ አንደኛው ጣቶቹ፣ ሁለተኛው ሕመሙ። ስለዚህ ጀሶ ያለው ሰው ጋ ስትሄድ ጋቢውን ገልጠህ ጣቱን ታያለህ፣ ትዳስሳለህ፣ «ያምዎታል?» ብለህ ትጠይቃለህ። በቃ። የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። የሕክምና ትምህርት ቤት ያልገባ ሰው እንኳ ይሠራዋል።

ረቡዕ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሠላሳ ሁለት አልጋ ይጠብቀኝ ነበር። ያደርኩት ተረኛ ሆኜ ነው፤ ጉለሌ ደግሞ በሰኔ ጠዋት ብርዱ አጥንት ይገባል። አልጋ ዐሥራ አራት ደረስኩ። አባባ ዘርዓብሩክ ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ስበው የዘርፉን ክር በሁለት ጣታቸው ያጠነጥናሉ፣ ይፈታሉ፣ ያጠነጥናሉ።

«እንዴት አደሩ አባባ?»

«ተመስገን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አንቺስ እንዴት አደርሽ ልጄ?»

«ደህና» አልኩ፤ አንድ እግሬ አልጋ ዐሥራ አምስት ደርሷል።

እማማ ወለተማርያም ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «ልጄ፣ እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም።»

«አዲስ ቦታ ስለሆነ ነው እማማ።»

«ቁርሱንም አልቀመሰ...»

«የሰኔ ጾም አይደል እንዴ?»

«እሱስ ጾም ነው፤ ግን...»

ያቺን «ግን» ትቻት ሄድኩ። ካርዱን ቆሜ ገለጥኩ። ማታ ኦልያድ «ሕመሙ መጠነኛ፤ ጣቶቹ ሞቃት ናቸው፣ ይንቀሳቀሳሉ» ብሎ ጽፏል። ኦልያድ ቀልደኛ ነው እንጂ ሥራው ላይ አይቀልድም። እኔ ከሥሩ «በሽተኛው ምንም ሕመም አይሰማውም፤ ጣቶቹ ሞቃት ናቸው፣ ይንቀሳቀሳሉ» ብዬ ፈረምኩ። ጋቢውን አልገለጥኩም። እጄ አልነካውም። ተመስገን ብለውኝ የለ!

ራውንዱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ መጣ። ዶክተር በዳሳ ካርዱን አነበበና አባባን «እንዴት ነዎት አባቴ?» አላቸው። «ተመስገን» አሉ። ዐሥራችንም ራሳችንን ነቀነቅን። ከዚያ ወደኔ ዞረ።

«ጣቱን አይተሻል ሐመልማል?»

«አይቻለሁ ዶክተር።»

እንዲህ ብዬ ዋሸሁ። ፊቴ እንኳ አልቀላም። እኔ ራሴ ያየሁ መስሎኝ ነበር ብል ደስ ባለኝ፤ ግን አልመሰለኝም። በልቤ «ከሁለት ሰዓት በኋላ እመለስና አየዋለሁ» ብዬ ነበር። ከሁለት ሰዓት በኋላ ሌላ ሥራ መጣ፣ ሌላም መጣ፣ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ተራዬ አለቀና ጋውኔን አውልቄ ወጣሁ።

በር ላይ ጥበቃው ቡሽራ «ዶክተር፣ ዛሬስ ተኚ» አለኝ። ዳገቱን ወረድኩ። እንቅልፌ መጥቷል ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። ቦርሳዬን ፈተሽኩ፤ ስልኬ አለ፣ ቁልፌ አለ። ምን ረሳሁ? ሽሮ ሜዳ ስደርስ ሱቆቹ ጋቢና ነጠላ በር ላይ ሰቅለዋል፤ ነፋሱ የአንዱን ጋቢ ዘርፍ ፊቴ ላይ አመጣው። እንደ ትንኝ በእጄ አባረርኩትና በራሴ ተናደድኩ። ምን ነክቶኛል ዛሬ?

«ሸጎሌ ሸጎሌ! ሁለት ሰው የቀረው!» ቤቴ ሸጎሌ ነው። ገባሁ። ከኋላ ወንበር ጥግ ተቀመጥኩ፤ ጉልበቴ ግን ብቻውን ይንቀጠቀጣል፣ አጠገቤ ያለችው ልጅ ሁለት ጊዜ ገላመጠችኝ።

ፊት ለፊቴ ሁለት ሽማግሌዎች አሉ። አንደኛው ከብት ተራ የሚውሉ መሆናቸው ከዱላቸው ያስታውቃል፤ ሌላኛው ባርኔጣ አድርገዋል። ባለ ባርኔጣው ዞር አሉና «ቶሎሳ! አንተ ነህ እንዴ? ኧረ የት ጠፋህ!» አሉ። ተሳሳሙ፤ ትከሻ ለትከሻ ተጋጩ፤ ታክሲው ሙሉ ተገፋ።

«እንዴት ከረምክ?»

«ተመስገን። አንተስ?»

«ተመስገን። ቤት እንዴት ነው?»

«ሁሉ ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ልጆቹ?»

«ደህና ናቸው፣ ተመስገን። ከብቱም ዝናቡም ደህና ነው።»

«ተመስገን ነው።»

ታክሲው ቆመ፤ አንድ ሰው ወረደ፤ ሄደ። ከዚያ አቶ ቶሎሳ ዱላቸውን ከአንድ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩና «ባለቤቴን ቀበርኳት'ኮ» አሉ።

«ምን?»

«ፋሲካ ሊገባ ሰሞን። ሦስት ቀን ታማ።»

«ውይ! ውይ ቶሎሳ! ምነው ታዲያ አሁን ሁሉ ደህና አላልከኝም?»

አቶ ቶሎሳ ገርሟቸው አዩአቸው። «ሰላም ስትለኝ ነዋ! ሰላም ላለ ሰው እንዴት አድርጌ በመርዶ ልመልስለት?»

አባባ ዘርዓብሩክ ፊቴ ድቅን አሉ። የጋቢ ዘርፍ፤ ማጠንጠን፣ መፍታት፣ ማጠንጠን። በዚያ ብርድ ግንባራቸው ላይ ላብ ነበረ፤ አሁን ነው የታየኝ፤ ላብ! ያልተኙት፣ ያልበሉት፣ የሚስታቸው «ግን»። ሦስት ጊዜ ተነግሮኛል፤ ሦስቴም ሰላምታቸውን ይዤ እብስ ብያለሁ።

«ወራጅ አለ!»

«እዚህ መውረጃ የለም እህቴ፣ አደባባዩን እንለፍ» አለ ረዳቱ።

«አውርደኝ አልኩህ! ሰው ሊሞትብኝ ነው!» ታክሲው ውስጥ ያለው ሁሉ ዞረ። አቶ ቶሎሳ «አውርዳት አንተ፣ ምን ያለው ነው!» ብለው በዱላቸው ጣሪያውን መቱት። ሾፌሩ ፍሬኑን ረገጠ።

ተቃራኒውን ታክሲ መጠበቅ አልቻልኩም። ግማሹን በሩጫ፣ ግማሹን ባገኘሁት ባጃጅ ተመለስኩ። ዳገቱ ላይ ጫማዬ ጭቃ ውስጥ ቀረና በእጄ መንጭቄ አወጣሁት። እየሮጥኩ እደራደራለሁ፤ መድኃኔዓለም፣ ጣቶቹ ሞቃት ይሁኑ፤ ሞቃት ይሁኑና ሁለተኛ ሰው ሳላይ አልጽፍም፤ ሞቃት ይሁኑና ኦልያድ ዓመቱን ሙሉ ይሳቅብኝ። ቡሽራ በሩን እየከፈተ «ምን ረሳሽ ዶክተር?» አለኝ።

«ሰው!» አልኩት።

እማማ ወለተማርያም በጭቃ ተለውሼ ሲያዩኝ አማተቡ። አንድም ቃል ሳልናገር ጋቢውን ገለጥኩ።

ጣቶቹ አብጠው ቆዳቸው ያብለጨልጫል። ቀለማቸው ወደ ሰማያዊ ሄዷል። ነካኋቸው፤ እንደ ጠዋት ቧንቧ ውኃ ቀዝቃዛ ናቸው። ትልቁን ጣት በሁለት ጣቴ ይዤ በቀስታ ወደ ላይ ሳብ አደረግኩት።

«መድኃኔዓለም!»

ክፍሉ ውስጥ ያለ በሽተኛ ሁሉ ቀና አለ። አባባ ዘርዓብሩክ ሲጮሁ የመጀመሪያቸው ነው። ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ እሳቸው ደግሞ በመጮሃቸው አፍረው ጋቢውን አፋቸው ላይ ያዙ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው አባባ?»

«ከንጋት በፊት ነው። መጀመሪያ ጀሶው ጠበበኝ። ከዚያ እሳት ገባበት። አሁን ደግሞ እሳቱም ሄደና መደንዘዝ ጀመረ።»

«ለምን አልነገሩኝም?» ብዬ ጮህኩ። እሳቸው ላይ ነው የጮህኩት፤ እስካሁን ትዝ ሲለኝ ራሴን ያመኛል።

«መች ጠየቅሽኝ ልጄ?»

«እንዴት አልጠየቅኩም! እንዴት አደሩ አላልኩም?»

«እሱማ ሰላምታ ነው» አሉኝ። እንደ ልጅ ነው ያስረዱኝ። «እንዴት አደርክ ሲባል ሰው ምን ይላል? ተመስገን ነዋ። ጥያቄው መቼ ይመጣል ብዬ ስጠብቅ ሄድሽብኝ። ሥራ በዝቶባት ነው፣ ትመለሳለች አልኩ። ትልቁም ሐኪም ከነሠራዊቱ መጣ፤ እሱም ሰላም ብሎኝ ሄደ።»

የክፍሉ ነርስ ሲስተር ቦሰና አጠገቤ ቆማለች፤ ቀጭን ፊቷ አመድ መስሏል። «ማስታገሻ ልጨምርልዎት ስላቸውም ተመስገን ይበቃኛል አሉኝ» አለች። ወዲያው እግሩ ዝቅ ብሎ ደም እንዲያገኝ ከጀሶው በታች የነበረውን ትራስ አነሳች። «ሂጂ ዶክተር በዳሳን ጥሪው። እኔ የጀሶ መቁረጫውን አመጣለሁ።»

ዶክተር በዳሳ ታች ባለው የሴሚናር ክፍል ሃያ ተማሪ ያስተምራል። በሩን ሳላንኳኳ ከፈትኩት። ሁሉም ዞሮ አየኝ፤ ጋውን የለኝ፣ እስከ ጉልበቴ ጭቃ ነኝ። ኦልያድ መሀል ረድፍ ላይ ሆኖ ሊስቅ አፉን ከፈተና ፊቴን አይቶ ዘጋው።

«ዶክተር፣ አልጋ ዐሥራ አራት። ጣቶቹ ቀዝቅዘዋል። ትልቁን ስስበው አባባ ጮኹ።»

ዶክተር በዳሳ ጠመኔውን አስቀመጠ። «ጠዋት ሞቃት ነበሩ አይደል ያልሽኝ?»

ጫማዬ ላይ ያለውን ጭቃ አየሁ።

«ጠዋት ደህና ከነበሩ ገና ጅምሩ ነው» አለ፤ ቀድሞውኑ ወደ በሩ እየተራመደ ነው፣ ለተማሪዎቹም ለኔም ነው የሚናገረው። «ጀሶውን ከፍተን እግሩን እናስተነፍሰዋለን። አንድ ሰዓት እንጠብቅና እናያለን። ብዙዎቹ በዚያው ይመለሳሉ፤ ቢላ አያስፈልጋቸውም።»

አንድ ሰዓት። ያቺ የኔ ውሸት አንድ ሰዓት ልትጨምርባቸው ነው። ዝም ብል ማንም አያውቅም፤ «በድንገት ነው የተነሳባቸው» ይባላል፤ እንዲያውም ከመንገድ ተመልሳ ደረሰችላቸው ብለው ያመሰግኑኛል። ብናገር ሁለት ወር፣ ምርቃቱ፣ እናቴ ከወዲሁ የነገረቻቸው ዘመዶች ሁሉ። ከበሩ እስከ ደረጃው ስድስት ርምጃ ነው። በአራተኛው ላይ እጅጌውን ያዝኩት።

«ሞቃት አልነበሩም። ማለቴ... አላውቅም። አላየሁም ዶክተር። ጋቢውን አልገለጥኩም። የኦልያድን ነው የገለበጥኩት። ከንጋት በፊት ነው የጀመራቸው፤ ስድስት ሰዓት አልፎታል።»

ዶክተር በዳሳ አየኝ። ድምፁ በጣም ከመቀነሱ የተነሳ ተከትሎን የወጣው ኦልያድ ብቻ ነው አብሮኝ የሰማው።

«ኦልያድ፣ ለኦፕሬሽን ክፍል ደውል። አሁን እንገባለን በላቸው። ጀሶውን እዚያው አልጋው ላይ ክፈቱት፤ እኔ እስክመጣ አትጠብቁ።»

ኦልያድ ሮጠ። አልተሳደበም፣ አልቀለደም፤ በአጠገቤ ሲያልፍ ትከሻዬን ያዝ አድርጎ ነው የሄደው። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ጀሶውን በሁለት በኩል ሰንጥቀው ሲከፍቱት አባባ ዘርዓብሩክ ረዥም ትንፋሽ አወጡ። ከዚያ አልጋውን እየገፉ ወሰዷቸው። ኦፕሬሽኑ፣ እንደ ዶክተር በዳሳ አገላለጽ፣ ሥጋውን እንደ ጠባብ ካልሲ የሸፈነውን ሽፋን ከላይ እስከ ታች ቀድዶ ማስተንፈስ ነው። እኔን አላስገባኝም። «አንቺ ከቤተሰቡ ጋር ሁኚ» አለኝ። ምነው በገባሁ! ደም ማየት አያስጨንቀኝም፤ የጨነቀኝ እማማ ወለተማርያምን ማየት ነው።

ኮሪደሩን ወዲያና ወዲህ ተመላለስኩ። እማማ ወለተማርያም አግዳሚው ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ።

«ልጄ ተቀመጪ፣ አዞርሽኝ።»

«እሺ እማማ» እልና ሁለተኛው ዙር ላይ ነኝ።

«ሸማኔ በእጁ ብቻ የሚሠራ ይመስላችኋል» አሉ፣ ለኔ ይሁን ለግድግዳው እንጃ። «ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ በሁለት እግሩ እያፈራረቀ ይረግጣል። ቀኝ ሲረግጥ ድሩ ይከፈታል፤ ግራ ሲረግጥ ይዞራል። በአንድ እግር ቡትቶ እንኳ አይሠራም።» ቀና ብለው አዩኝ። «ግን አንቺን ጣለልን። ሥራሽን ጨርሰሽ ከመንገድ ተመልሰሽ፣ በጭቃ፣ ለማታውቂው ሰው! እጅሽ ይባረክ። ያሰብሽው ይሙላልሽ። ከክፉ ይጠብቅሽ።»

«አሜን» አልኩ። ምን ልበል? ልናገር አፌን ከፈትኩና «አሜን» ወጣ። ሴትየዋ ደግሞ ማቆም አይችሉበትም፤ ለልጄ፣ ለልጅ ልጄ መረቁኝ፤ እያንዳንዱን በአሜን ተቀበልኩ። እንደዚያን ቀን ራሴን የጠላሁበት ቀን የለም።

ከሁለት ሰዓት በላይ ቆይቶ ዶክተር በዳሳ ቆቡን እያወለቀ ወጣ። ለእማማ ሥጋው ደም እንዳገኘ፣ እግሩ እንደማይቆረጥ ነገራቸው። እልል አሉ፤ በሆስፒታል ኮሪደር! ከዚያ እኔን ወደ መስኮቱ ወሰደኝ።

«የቅልጥሙ የፊተኛው ሥጋ ጫፉ ላይ ጠቁሯል። ነርቩም ተጎድቷል። ይመለስ አይመለስ በወራት ነው የምናየው።» ቆቡን ኪሱ ውስጥ ከተተ። «ሁለቱን ወር ትደግሚያለሽ።»

«አውቃለሁ ዶክተር።»

«የምትደግሚው አላየሁም ስላልሽኝ አይደለም። አይቻለሁ ስላልሽኝ ነው።» በመስኮቱ ወደ ቀጨኔ ቆርቆሮዎች ተመለከተ። «እኔም ጣቱን አላየሁም። ያየሁት ወረቀትሽን ነው። ሠላሳ ዓመት ሳስተምር ኖሬ 'ተመስገን' ሲሉኝ አለፍኩ። እኔን ማን እንደሚያስደግመኝ እንጃ።»

ሐሙስ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ አልጋ ዐሥራ አራት ጋ ደረስኩ። እማማ ወለተማርያም ኪዳን ሊያስደርሱ ቀጨኔ መድኃኔዓለም ሄደዋል፤ ወንበራቸው ባዶ ነው። አባባ ዘርዓብሩክ ነቅተዋል። እግራቸው በወፍራም ፋሻ ተጠቅልሎ ጋቢ ለብሷል።

«እንዴት አደሩ አባባ?»

«ተመስገን፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

ወንበሩን ስቤ ተቀመጥኩ። አዎ፣ ተቀመጥኩ። እግሬ ሊነሳ ሲል በሌላው ረገጥኩት።

«ከተመስገን በኋላስ?»

አባባ ሳቅ አሉ። ከዚያ ሳቃቸው ቀስ እያለ ጠፋ። «ከተመስገን በኋላማ... ቁስሉ ይጠዘጥዘኛል፤ እሱ ግን የሚቻል ነው። ሌሊት ሁለት ጊዜ ነቅቻለሁ። ደግሞ ከአውራ ጣቴ ጀምሮ እስከ እዚህ ድረስ...» በጣታቸው ጋቢው ላይ አሳዩኝ። «ይሄ የኔ አይመስለኝም። ሌሊቱን ሙሉ በሐሳቤ እረግጠው ነበር። ቀኙ እሺ ይላል። ግራውን ብለው ብለው እምቢ አለኝ።»

ያሉትን እንዳለ፣ በራሳቸው ቃል ጻፍኩት። ጽፌ ስጨርስ አልተነሳሁም።

«አንቺስ እንዴት አደርሽ ልጄ?»

«ተመስገን» አልኩ፤ አፌ ብቻውን ነው ያለው።

እሳቸው የጋቢያቸውን ዘርፍ ይዘው፣ ዓይናቸውን ዓይኔ ላይ አድርገው ይጠብቁኛል። ጠበቁኝ። አልጋ ዐሥራ አምስት ያለውን ሰው ሳል ጀመረው፤ አልጋ ዐሥራ ስድስት ያለው ጠራኝ።

«ከተመስገን በኋላስ?» አሉ።

እንባዬ መጣ። «አባባ፣ እማማ በከንቱ ነው የሚመርቁኝ። ትናንት ጠዋት እግርዎን ሳላይ ነው አየሁ ብዬ የጻፍኩት። ለትልቁም ሐኪም ዋሸሁ። ያን ጊዜ ገልጬ አይቼ ቢሆን...»

አባባ ዘርዓብሩክ ዘርፉን አጠነጠኑ፣ ፈቱ። ራስጌያቸው ባለው መስኮት ላይ ዝናቡ ጀመረ።

«አውቃለሁ» አሉ በመጨረሻ። «ጋቢው ሲገለጥ ብርዱ ይገባል። ትናንት ጠዋት አልበረደኝም።»

ይቅር ይበሉኝ አይበሉኝ አልነገሩኝም። ዘርፉን ለቀቁትና ጋቢውን በጣታቸው ወደኔ ገፋ አደረጉት።

«በይ ግለጪው» አሉ።

ገለጥኩት።